ከታልማጅ ጎን ያለው ሰውዬ

«ይሄ ሽማግሌ እኮ የመጪውን ገና አያይም» አለ ከቨርና ፊት የተሰለፈው ባለኮፍያ ሰውዬ፣ የወረቀት ኩባያውን ከቡናው ማሽን ሥር እያስጠጋ። «አሁን አስፈርሜ መሳቢያ ውስጥ ቁጭ አደርገዋለሁ። የሞተ ዕለት ዋጋው እጥፍ ነው።» ጓደኛው ሳቅ አለና «ታዲያ ፍጠን! እጁ እንደሆነ ከወዲሁ ተሰናብቶታል» አለው። ክፉ ሰዎች አይመስሉም ነበር፤ እንዲያውም ባለኮፍያው ዞር ሲል ቨርናን አያትና ወተቱን አንስቶ «ይውሰዱ እናቴ» ብሎ አቀበላት። ቨርና አመሰገነችው። ይሄ የምታማው ሰውዬ ባሌ ነው፣ ከአርባ ዓመት በላይ አብረን ኖረናል፣ ዘንድሮም የገናውን ዛፍ ያቆመው እሱ ነው ልትለው አሰበች፤ አፏ ግን እሺ አላላትም። አንዳንድ ሰው ሲነኩት እሳት ይተፋል፤ እሷ ደግሞ ስትደነግጥ ታመሰግናለች። አፈጣጠሯ ነው። ሁለቱን ኩባያዎች ይዛ በጠረጴዛዎቹ መሀል እየተሽሎከሎከች ወደ ባሏ ተመለሰች።

አዳራሹ ከክሊቭላንድ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ነው። በሌላው ቅዳሜ ሠርግ ይደገስበታል፤ ዛሬ ግን ሙሽሮቹ የተጫዋቾች ፎቶ የታተመባቸው የቤዝቦል ካርዶች ናቸው። እያንዳንዷ መዳፍ የማትሞላ ወረቀት በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጋ፣ ዋጋዋ በግንባሯ ተለጥፎ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝታለች። ስምንት ዶላር አለ፣ ሰማንያ አለ፣ «ጠይቁን» የሚልም አለ፤ እሱን መጠየቅ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል። ጎልማሳ ወንዶች በማጉያ መነጽር የካርድ ጥግ ጥጉን ያያሉ፤ ጥጓ ትንሽ ከደነበዘች ፊታቸው እንደ ሐዘንተኛ ይጨማደዳል። ከማዕዘኑ በኩል የተጠበሰ ቋሊማና የሽንኩርት ሽታ ይመጣል። የባሏ የላይል ጠረጴዛ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነበር። አዘጋጁ ዌንደል በአረንጓዴ ጨርቅ ሸፍኖለት፣ ከኋላው ትልቅ ሰሌዳ አቁሞለታል። በሰሌዳው ላይ በትልልቁ የተጻፈው ግን የላይል ስም አይደለም፤ «ከሬይ ታልማጅ ጋር በአንድ ካርድ ላይ!» ይላል፣ ከሥሩ በትንንሹ ላይል ፕሩችኒክ። ላይል ይህን ሲያይ አልከፋውም። አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ የተስተካከሉትን ሰማያዊ ማርከሮች እንደገና ያስተካክል ነበር።

የካርዱ ነገር እንዲህ ነው። በስልሳዎቹ መጨረሻ፣ ካርድ ከማስቲካ ጋር በሚሸጥበት ዘመን፣ ፋብሪካው አዲስ ገቢ ተጫዋቾችን ለየብቻ ማተም እያሳሰበው ሁለት ሁለቱን በአንድ ካርድ ላይ ያትማቸው ነበር። በግራ በኩል ሬይ ታልማጅ፣ በቀኝ በኩል ላይል ፕሩችኒክ፣ ሁለቱም ኳስ ወርዋሪ፣ ሁለቱም ጆሯቸው የገነተረ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ ከላይ «የነገ ኮከቦች» የሚል ጽሑፍ። ታልማጅ የነገም የከነገ ወዲያም ኮከብ ሆነ። ላይል አንድ የውድድር ዘመን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ትከሻው ተበጠሰና ክሊቭላንድ አጠገብ ወዳለችው ወደ ፓርማ ተመልሶ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በመኪና ዳቦ ሲያከፋፍል ኖረ። ካርዱ ግን የትም አገር ሄደ። በየሰው ሳሎን በወርቅማ ክፈፍ ተሰቅሎ፣ ከታላቁ ሰው ጎን ማን መሆኑ የማይታወቅ አንድ ሰው ፈገግ ብሎ ይኖራል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ታልማጅ ሲሞት ነገሩ ተለወጠ። የሞተ ሰው አይፈርምምና የእሱ ፊርማ ያለበት ካርድ ዋጋው ወደ ላይ ተተኮሰ፤ ያኔ ሰብሳቢዎቹ የቀኙን ሰውዬ አስታወሱት። ሁለቱም የፈረሙበት ካርድ ታልማጅ ብቻውን ከፈረመበት እጥፍ ያወጣል። የሚያስቀው፣ ወይም የሚያስለቅሰው፣ ላይል ብቻውን የፈረመበት ካርድ ምንም ካልተፈረመበት ካርድ ማነሱ ነው። «ተጽፎበታል» ይሉታል፣ ቡና እንደፈሰሰበት ዓይነት። ላይል ይህን ያውቃል፣ ይቀልድበታልም። «ብቻዬን ስሆን እድፍ ነኝ፣ ከሬይ ጋር ስሆን ጌጥ» ይላል።

እናም ፖስታ ይጎርፍ ጀመር። ከቴክሳስ፣ ከሜይን፣ ስሙን ሰምተውት ከማያውቁት መንደር ሁሉ ካርድና መመለሻ ፖስታ ይመጣል፤ ቴምብሩ የተለጠፈበት፣ «ጌታዬ፣ እባክዎ በሰማያዊ ይፈርሙልኝ» ከሚል ቃል ጋር። ላይል እሑድ እሑድ ከእራት በፊት ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይፈርም ነበር። ወዲያው ፓርኪንሰን የሚሉት የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ቀኝ እጁን ያዘው። አንድ እሑድ ከአንዲት ካርድ ፊት ረጅም ጊዜ ተቀምጦ ቆየና ማርከሩን ከድኖ «ነገ» ብሎ ተነሳ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም ክምሩ እዚያው ተቀመጠ። ቨርና ሲበቃት፣ እሱ ሳሎን ዜና ሲያይ፣ ቁጭ ብላ ፈረመችው። የልጆቹን የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የባንኩን ቼክ፣ የግብሩን ፎርም በእሱ ስም ስትፈርም የኖረች ሴት ናትና አልከበዳትም። ለአንድ ጊዜ ነው ብላ ነበር። ጠዋት ላይል ክምሩን አየ፤ የላይኛዋን ካርድ አነሳ፣ አስቀመጣት። ከዚያ ፖስታዎቹን አሽጎ፣ አቅፎ ወጥቶ ከደጁ ሣጥን ውስጥ ከተተና ለፖስተኛው ምልክት የምትሆነዋን ቀይ ባንዲራ አቆመ። ሲመለስ «ብርድ ነው ዛሬ» አላት። «ብርድ ነው» አለችው። አራት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ነገር የተነጋገሩት ይሄው ነው። እሱ ክምሩን ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፤ እሷ ትፈርማለች፤ እሱ ይልካል። ስለ ብርዱ፣ ስለ እህቷ ጉልበት፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ያወራሉ። ያን ግን ሆድ ይፍጀው አሉ። ቨርና ማርከሩን ባነሳች ቁጥር ከባሏ ኪስ እንደምትሰርቅ ይሰማት ነበር፤ ማርከሩን ብትተወው ደግሞ እጁ እንደሞተ አፍ አውጥታ የነገረችው ይመስላታል። ሁለቱም አይቻልም።

ስለዚህ ዌንደል ደውሎ ላይልን ለዚህ ቅዳሜ ሲጋብዘው ቨርና ከእሱ በላይ ተደሰተች። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቦታ ተጠርቶ አያውቅም። ላይል ኮት ገዛ። ምድር ቤት ወርዶ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ሲለማመድ ትሰማው ነበር፤ ማርከሩ ወረቀት ላይ ሲንቋቋ፣ ወረቀት ሲጨማደድ፣ እንደገና ሲጀምር። የነርቭ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለውጦለት እጁ ትንሽ ረገብ ብሏል። ቨርና በልቧ ተሳለች፦ ዛሬ ሰው ፊት፣ በራሱ እጅ፣ የራሱን ስም ከጻፈ እሷ ያን ማርከር ዳግመኛ አትነካውም። የሚመጣውን ፖስታ ሁሉ «ላይል በአካል እንጂ በፖስታ አይፈርምም» ብላ ትመልሰዋለች። ስሙ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ እሷም እፎይ ትላለች። የፈለገችው ይህን ብቻ ነው፣ ብዙም አልነበረም።

ጠዋቱ ደህና ነበር። የመጀመሪያው ሰውዬ ድሮ ላይል ዳቦ ያመጣለት የነበረ የሱቅ ባለቤት ሆኖ ተገኘና ስለ ካርድ ሳይሆን ስለ ዳቦ አወሩ። ላይል እያንዳንዱን ሰው ቀና ብሎ አይቶ «ለማን ብዬ ልጻፍልህ?» ይላል፤ እነሱም እየተጣደፉ «አይ አይ፣ ለማንም አይበሉ ጌታዬ፣ ስምዎን ብቻ!» ይሉታል። የሰው ስም ከገባበት ዋጋው ይወርዳላ! ለቶም ተብሎ የተጻፈን ካርድ ከቶም ሌላ ማን ይገዛዋል? ላይል ይህ አልገባው ብሎ ሳይሆን፣ ሳይጠይቁ መፈረም ሳያንኳኩ እንደ መግባት ስለሚቆጠርበት ነው የሚጠይቀው። ፊርማው ቀስ ብሎ ይወጣል። የግራ እጁን በቀኙ አንጓ ላይ ይጭናል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ፊደሎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተደገፉ፣ ትንሽ እየተንቀጠቀጡ፣ መስመሩን እየለቀቁ ይመጣሉ። ግን ይመጣሉ። ቨርና ከጎኑ ተቀምጣ እንደ ሕፃን እርምጃ ታያቸው ነበር።

ባለኮፍያውም ተራው ደረሰ። ቨርናን ከጠረጴዛው ኋላ ሲያያት ፊቱ ቀላ። ካርዱ የታልማጅ ፊርማ ያለበት ነው። ላይል ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ፣ ሰውዬው ከፊቱ የነበረው ሰው ካርድ ላይ የወጣውን ፊርማ አየ፤ ከዚያ የላይልን እጅ አየ፤ ካርዱንም ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ መለሰ። «ሌላ ጊዜ ይሻላል። አይድከሙ ዛሬ» አለ። «ኧረ አልደከመኝም!» አለ ላይል። «አይ፣ ሌላ ጊዜ።» ሄደ። ላይል ማርከሩን እንደያዘ «ሃሳቡን ለወጠ መሰለኝ» አላት። ቨርና «ሰው ነው፣ ይለውጣል» አለችው።

ከዚያ ኮሌት የምትባል ሴት መጣች። ከአክረን የመጣች ነርስ ናት፤ አርባዎቹን የተሻገረች፣ ሙያዋ ከጫማዋ የሚታወቅ። አባቷ ዘንድሮ ብርዱ ሲገባ ሞቷል። ካርዱን ከቦርሳዋ ስታወጣ በመሐረብ ጠቅልላው ነበር። አባቷ ታልማጅን በዝናብ ቆሞ ነው ያስፈረመው፣ እሷን በትከሻው ተሸክሞ። ሁለተኛውን ፊርማ ለማግኘት ሲመኝ ኖረና፣ በፖስታ ለመላክ ግን ሳይደፍር ቀረ። «አባቴ ማንንም አያምንም ነበር» አለች እየሳቀች። «መጀመሪያ የታልማጅ ፊርማ የሌለባትን ርካሿን ካርድ ላከልዎት፣ ይመለስ እንደሆን ሊፈትንዎት። መለሱለት እኮ! ያቺንም ይዣታለሁ። ደስ ብሎት ‹ሰውዬው ጨዋ ነው› አለኝ። ዋናዋን እልካለሁ እያለ ታመመ።» ካርዱ አሁን የእሷና የወንድሟ ነው፤ ወንድሟ ገዢ አግኝቷል፣ ገዢው ግን ሁለቱም ፊርማ ኖሮ በባለሙያ ካልተመሰከረ አልወስድም ብሏል። ኮሌት መሸጡን አልወደደችውም፤ ቢሆንም አባቷ የፈለገው እንዲሞላ ፈልጋለች።

ላይል የሰማው ሁሉ ልቡን ነካው። ኮቱን አወለቀ። ቨርና ከሁለት ወር ወዲህ እንዲህ ረጋ ብሎ አይታው አታውቅም። ካርዱን በሁለት ጣቱ ያዘ፣ ከራሱ ጉንጭ በታች፣ ከታልማጅ ጽሑፍ ርቆ፣ ቦታ መረጠ። ፈረመ። ብዙ ጊዜ ፈጀ፣ ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው አጉረመረመ፣ ላይል አልሰማውም። ሲጨርስ ካርዱን ራቅ አድርጎ አየው፤ የተንጋደደ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ፊደሎች ወደ ታች ተንሸራተዋል፣ ነገር ግን የሱ ነው፤ ማንም አላገዘውም። ኮሌት እንባዋን ጠረገች፣ እጁን በሁለት እጇ ውስጥ አስገብታ «አባቴ ቢያይ!» አለች። ስትሄድ ላይል ወደ ቨርና ዞሮ «ዛሬ እኮ ደህና ነኝ» አላት። ሚስቱ ቋሊማ ገዝታለት ግማሹን በላ፣ ሰናፍጩ ሸሚዙን ነካው፣ ሁለቱም ሳቁ። ቨርና ያን ግማሽ ሰዓት ሽጪልኝ ብትባል በምንም ዋጋ አትሸጠውም ነበር።

ኮሌት ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም። ዌንደል አብሯት ነበር፣ ሌላም አንድ ቀጭን ሰው፣ ማጉያ መነጽሩ ግንባሩ ላይ የተቀመጠ። ሃስኬት ይባላል፤ አዳራሹ ጫፍ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ፊርማ የሚመረምረው፣ እውነተኛ ነው ያለውን በፕላስቲክ አሽጎ የምስክር ቁጥር የሚለጥፈው እሱ ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ የቀብር አስፈጻሚ ድምፅ።

«ሚስተር ፕሩችኒክ፣ አይቀየሙኝ፣ ሥራዬ ሆኖ ነው» አለ። «እኔ ዘንድ የእርስዎ ፊርማ ናሙና ብዙ አለ። ሁሉም አንድ ናቸው። ይሄኛው ግን ካንዱም ጋር አይገጥምም።»

«እሷው ፊት እኮ ነው የፈረምኩት!» አለ ላይል።

«በዓይኔ አይቻለሁ» አለች ኮሌት። «ይሄው እጁ! ይሄው ማርከሩ! ምን ቀረ?»

«አላየሽም አላልኩሽም፣ እመቤቴ። እኔ ሰው አልመረምርም፣ ቀለም ነው የምመረምረው። ነገ የሚገዛው ሰው ደግሞ እዚህ አልነበረም። እሱ የሚያየው ወረቀቱን ነው።» ይህን ብሎ ሁለት ካርዶች አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱ አሁን የተፈረመው ነው። ሌላው ከሁለት ዓመት በፊት የኮሌት አባት ለፈተና የላካት ርካሿ ካርድ ናት። በእሷ ላይ ያለው ፊርማ ቀጥ ያለ፣ ክብ ክቡ የሞላ፣ የተማሪ ደብተር የሚመስል ነው። «ይህቺን ባለፈው ዓመት እኛው ነን የመሰከርንላት። እነዚህን ሁለቱን አንድ ሰው አልጻፋቸውም። ከሁለት አንዱ የእርስዎ አይደለም።»

ሰልፉ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። የተጠጋው ለወሬ ብሎ አልነበረም፤ የተሰለፈው ሰው ግማሹ ቤቱ ውስጥ በፖስታ የተፈረመለት ካርድ ስላለው ነው። ቨርና በልቧ እንዲህ አለች፦ እኔ ነኝ፣ ይህችኛዋን የጻፍኳት እኔ ነኝ፣ እሱ የጻፈው ያን ነው። የጥቂት ቃል ነገር ነው። ብትናገር ግን በየአገሩ በየግድግዳው የተሰቀለው ሁሉ ውሸት ይሆናል፤ ፖስታውን ያሸገው፣ ባንዲራዋን ያቆመው ላይል ነው፣ አጭበርባሪ የሚባለውም እሱ ነው፤ ኮሌት አባቷ «ጨዋ ነው» ያለውን ሰውዬ ትረግማለች። ባትናገርስ? ባሏ እዚሁ ፊቷ ራስህን አይደለህም ተብሎ ይዋረዳል። ተነሳች። በደንብ እንኳ አልቆመችም፣ አፏን ከፈተች፤ ያኔ የላይል እጅ ከጠረጴዛው በታች እጇን ያዛት። የሚንቀጠቀጠው እጁ ነው። ያዛትና አስቀመጣት።

«ያ ነው የኔ» አለ ላይል፣ በአገጩ ወደ ቨርና ጽሑፍ እያመለከተ።

«ታዲያ ይሄኛውስ?» አለ ሃስኬት።

«ይሄኛው ምንም አይደለም። ዛሬ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ የሞነጫጨርኩት ነው።» ከዚያ ወደ ኮሌት ቀና አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ ልጅ። የአባትሽን ካርድ አበላሸሁብሽ።»

ቨርና በሕይወቷ ብዙ ይቅርታ ሰምታለች። ሰው የገዛ ስሙን ስለጻፈ ይቅርታ ሲጠይቅ ግን አይታ አታውቅም። ኮሌት «ኧረ ምንም አይደል» አለች፣ ዓይኗ ግን ካርዱ ላይ ነበር፣ ምንም እንዳልሆነ ማንም አላመናትም። ሃስኬት እያዘነ፣ በእርግጥ እያዘነ፣ እንዳለ ቢያሽገው ‹ታልማጅ እውነተኛ፣ በቀኝ በኩል የሌላ ሰው ጽሑፍ ያረፈበት› ብሎ ከመጻፍ ውጪ ምርጫ እንደሌለው፣ ያም ዋጋውን ከነበረበት እንደሚያወርደው አስረዳ። ዌንደል «ቢጠረግስ?» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የዛሬ ወረቀት ግን እንደ ሰው ሆኗል፣ ይለቃል። በአዳራሹ ማዕዘን ካርድ የሚያጸዳ አንድ ባለሙያ ነበር፤ እንዲህ ያለው ሥራ በይፋ ነውር ነው፣ በሹክሹክታ ግን ሁሉም ያሠራል። ሃስኬት «እኔ አላየሁም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባለሙያው መጣና ጥጥ በአልኮል ነክሮ፣ ላይል ፊት፣ ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ ወደ ኋላ እያለ ጠረገው። ሰማያዊው ጥጡን አቀለመው። ላይል አንገቱን አስግጎ፣ ሥራው እንዳይበላሽ የሰጋ ያህል፣ «ሬይን እንዳትነካው ብቻ» አለው። ትንሽ ጥላ ቀረ፤ ጉንጭ ላይ እንዳለ የድሮ ጠባሳ ነው፣ ያላወቀ አያየውም።

ያኔ ዌንደል ወደ ቨርና ጆሮ ጠጋ አለ። ትምባሆና የአዝሙድ ከረሜላ ይሸታል። «ሚስስ ፕሩችኒክ፣ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። ቤታችሁ ስትሆኑ እጁ ደህና ይሆናል መሰለኝ። ሁልጊዜ ቤት ሲሆን ደህና ነው፣ አይደል?» አላት። አልዛተባትም። ቃናው እንዲያውም የአዋቂ፣ የተረዳ ሰው ቃና ነበር፤ እሷን ያሳመማትም እሱ ነው። ኮሌት የመጨረሻውን ሰማችና ፊቷ በራ። «እውነት? ሲሻልዎ ይፈርሙልኛል? በፖስታ ይልኩልኛል? ከእንግዲህ አምንዎታለሁ፤ አባቴ እንኳ አምኖዎታል!» ላይል ቨርናን አላያትም። «እንልክልሻለን» አላት። ኮሌት ካርዱን በመሐረቡ ጠቅልላ፣ ለላይል ሳይሆን፣ እጁ እንዳይጥለው ይሆናል፣ ለቨርና ሰጠቻት። ቨርናም እንደ ልማዷ አመሰገነቻት።

ዌንደል ከዚያ በኋላ «ሰው ቀዝቅዟል» ብሎ በጊዜ አሰናበታቸው። ውጭ የመጋቢት በረዶ ከዝናብ ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል። ቨርና መኪናውን ከፍታለት፣ ቀበቶውን አስራለት፣ በሹፌሩ በኩል ገባች። ካርዱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሞተሩን አላስነሳችም። አውሮፕላን ከበላያቸው አልፎ መስታወቱ ነዘረ። ሰው ምን ይላል እንዲህ ባለ ጊዜ? ብርድ ነው ሊላት ነው ብላ ጠበቀች፣ እሷም ብርድ ነው ልትለው ተዘጋጅታ ነበር።

«ያቺን ትልቋን ፊደል እንዴት ነው የምታዞሪያት?» አለ ላይል፣ በፊት መስታወቱ ውጭ ውጭውን እያየ።

ቨርና የሰማችው አልመሰላትም። «የቷን ፊደል?»

«የአባቴን ስም መጀመሪያ፣ ‹ፒ› የምትባለዋን። እኔ ሳዞራት ሆዷ ይፈርሳል። ያንቺ ቀጥ ብላ ትቆማለች።»

አራት ዓመት የታፈነው ነገር እንዲህ እንደ ቀላል፣ የሾርባ አሠራር እንደ መጠየቅ ሆኖ ወጣ። ቨርና አለቀሰች፤ ድምፅ አላወጣችም፣ አፍንጫዋን ብቻ በእጅ ጓንቷ ጠረገች። «ከላይ ነው የምጀምራት» አለች። «አንተ ከታች ነበር የምትጀምረው። እኔ ግን ከታች ስጀምር አልሆን ሲለኝ ከላይ ጀመርኩ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ከአዳራሹ የሰጧቸውን ማስታወቂያ ገልብጣ ጉልበቱ ላይ ዘረጋችለት። ማርከሩን አስያዘችው፣ እጇንም በእጁ ላይ ጫነች። እጁ ከሥሯ እንደ ተያዘች ወፍ ይርበተበታል። ከላይ ጀመሩ። እሷ ቀጥ አድርጋ ወደ ታች ልታወርደው ትገፋለች፣ እጁ ወደ ጎን ይወስዳታል፤ ስትጫነው ይብሳል፣ ስትለቀው ይጠፋል። መሀል ላይ ማን ማንን እንደሚመራ አላወቀችም፣ የራሷም ጣቶች መንቀጥቀጥ ጀምረው ነበር። ስሙን እስከ መጨረሻው ጻፉት። ላይል ወረቀቱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየው። የሱ አይደለም፤ የሷም አይደለም።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አለ፣ ጣቱን የተጻፈው ስም ላይ አሳርፎ።

የቀለደ መስሏት ልትስቅ ዞር አለች። አልቀለደም።